ዶክተር ሙናን ማን ይውሰዳት? ሳይንቲስት ገፀ ባህሪን ከአንድ ተከታታይ ወደ ሌላ ማሻገሪያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ዶክተር ሙና በእውን የለችም። የፈጠረቻት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ልጅቷ ዓመት ሙሉ በደብተር ስትጽፈው የቆየችው ተከታታይ የሳይንስ ልብወለድ በ2048 ባለች ድሬዳዋ ይካሄዳል። ሙና የውሃ ተመራማሪ ናት፤ ቢሮዋ ለገሀር፣ አሮጌው የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ በከተማዋ መሀል የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ሲል ከሦስት ሰዓት በፊት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሠርታለች። ሐረር ያለው የአክስቷ ልጅ ደግሞ የራሱን ተከታታይ ይጽፋል። የእሱ ታሪክ ከጀጎል አይወጣም። አምስቱ በሮች ማታ ሲዘጉ ከግንቡ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ ዝም ይላል፣ ጅቦቹም የሰው ንግግር ይሰማሉ።

ክረምት ላይ ልጁ ድሬ ወርዶ "ሙናን ስጪኝ" አላት። እሷም "አውስሃለሁ እንጂ አልሰጥህም" አለችው። ሁለት ቀን ተኮራርፈው ሰነበቱና ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጡ። "አቦ ቲቸር፣ ፍረደን!" (የድሬ ልጅ መምህሩንም አንተ ይላል፤ ንቀት ሳይሆን ቅርበት ነው።) ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግን የሳይንስ ልብወለድ ተከታታዮችን ስከታተል ነው የኖርኩት፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። አልፈረድኩም። ሌሎች ደራሲዎች ሳይንቲስቶቻቸውን እንዴት እንዳሻገሩና እያንዳንዱ መንገድ ምን እንዳስከፈላቸው ነገርኳቸው። እዚህ የማሰፍረውም ያንኑ ነው፤ ገፀ ባህሪ የሚዋዋሱ ሁለት ጓደኛሞች በየከተማው እንዳሉ አውቃለሁና።

ከስር የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጠቅልሎ መሄድ

ለዚህ መንገድ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ዶክተር ሮድኒ ማኬይ ነው። ማኬይ ስታርጌት ኤስጂ-1 በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ አምስተኛ ምዕራፍ ላይ በእንግድነት ብቅ ያለ ካናዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ በከዋክብት መካከል ሲጓዝ መሻገሪያው ቀለበት ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ማኬይ ከ48 ሰዓት በኋላ ሰውየው እንደማይተርፍ ይከራከራል፤ የቡድኑ ሳይንቲስት ሳማንታ ካርተር አልቀበልም ትላለች፤ ሰውየውም በመጨረሻ በሕይወት ይወጣል። እንግዲህ ማኬይ ወደ ታሪኩ የገባው ትዕቢተኛ፣ ሎሚ የሚፈራ (አለርጂ አለበት)፣ ለዋናዎቹ እንቅፋት የሆነ ሰው ሆኖ ነው። ተመልካች የሚወደው ዓይነት አልነበረም።

በ2004 ስታርጌት አትላንቲስ ሲጀመር አዘጋጆቹ መጀመሪያ ያሰቡት ሌላ አዲስ ሳይንቲስት ነበር። በኋላ ግን ቦታውን ለማኬይ ሰጡት። ተዋናዩ ያው ዴቪድ ሂውሌት ነው፣ ትዕቢቱም ሎሚውም አብረውት ተሻገሩ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ካርተር አጠገቡ የለችም። በፊት ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ነበር። አሁን ግን ሌላ ጋላክሲ ውስጥ ሆኖ ከተማ ሙሉ ሕዝብ የእሱን አፍ እየጠበቀ ነው። ትዕቢቱ ፍርሃቱን የሚሸፍንበት ልብስ እንደሆነ ያየነው ያኔ ነው። አምስት ምዕራፍ፣ 100 ክፍል ሙሉ የዘለቀው ያ ሰው በመጀመሪያው ተከታታይ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ቦታው በካርተር ተይዞ ነበር።

ከዚህ የምወስደው መመዘኛ ቀላል ነው። በአገሯ ታሪክ ውስጥ ጥግ ላይ ቆማ የቀረች ሳይንቲስት ካለችህ ጠቅልላ ትሂድ። አዲሱ ቤት ሰፊ ይሆንላታል፣ አሮጌውም አይጎድልበትም።

ምሰሶ የሆነችውን ስታነሳ ግን ጣራው ይወርዳል። ካርተር ራሷ ተሻግራለች፣ ግን መቼ? ኤስጂ-1 ከአሥር ምዕራፍ በኋላ በ2007 ሲያበቃ። አሮጌው ቤት ተዘግቶ ነው የሄደችው፤ በአትላንቲስ አራተኛ ምዕራፍ የከተማዋ አዛዥ ሆነች። እዚህ ላይ የራሴን ስሜት ልናገር። ካርተርን በጣም ነው የምወዳት፣ ያ ምዕራፍ ግን ልቤን አልሞላውም። ያቺ ኮከብ ያፈነዳች አስትሮፊዚሲስት አዛዥ ስትሆን ችግሩን በእጇ የሚፈታው በአብዛኛው ማኬይ ሆነ። ሹመት ሳይንቲስትን ከሥራ ጠረጴዛዋ ያርቃል፤ እንግዳህን ስታከብር አለቃ አድርገህ አታክብራት። በቀጣዩ ምዕራፍ አዛዥነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሙና የድሬው ተከታታይ ምሰሶ ናት። እሷ ከሄደች ደቻቱ ሲመጣ የሚናገር የለም። ይህን ስል ልጅቷ አገጯን ቀና አደረገች፣ ልጁ ግን መሬት መሬቱን አየ።

ለጉብኝት መምጣት

ብዙ ሰው ጉብኝትን ቀላሉ መንገድ አድርጎ ያስበዋል። እኔ ከባዱ ይመስለኛል፤ በአንድና በሁለት ክፍል ውስጥ እንግዳዋ መጥታ፣ ሠርታ፣ አሻራዋን ትታ መሄድ አለባትና። ያለዚያ ለሠርግ መጥቶ ፎቶ ተነስቶ እንደሚመለስ የሩቅ ዘመድ ትሆናለች።

አሻራ መተው ምን እንደሆነ ለማሳየት ዶክተር ሉዊስ ዚመርማንን እመርጣለሁ። ስታር ትሬክ ቮየጀር ላይ ያለው ሐኪም ሰው ሳይሆን በብርሃን የተሠራ ሆሎግራም ነው። የሠራው ዚመርማን ነው፣ በራሱ መልክ። ሁለቱንም የሚጫወታቸው ሮበርት ፒካርዶ ነው። በ1997 ይኸው ፈጣሪ ወደ ሌላኛው ተከታታይ፣ ወደ ዲፕ ስፔስ ናይን፣ ይመጣል። የመጣው ለሥራ ነው፤ አዲስ ሆሎግራም ሐኪም ሊሠራ አስቧል፣ መልኩንና ጠባዩን የሚቀዳውም ታሪኩ ከሚካሄድበት የጠፈር ጣቢያ ሐኪም ከዶክተር ጁሊያን ባሽር ነው። ለዚህም የባሽርን ጓደኞች እየዞረ ይጠይቃል፣ ወላጆቹንም ያስጠራል። በዚህ መሀል ለዓመታት የተደበቀ ነገር ይወጣል። ወላጆቹ ባሽርን በልጅነቱ በሕገ ወጥ መንገድ ዘረመሉን አስለውጠውታል። የታወቀበት አእምሮ የተሰጠው በዚያ ነው።

ዚመርማን ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ። የባሽር ምስጢር ግን እስከ ተከታታዩ ፍጻሜ አብሮት ኖረ። ጥሩ ጉብኝት የምለው ይህን ነው። እንግዳው የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ፣ በጥያቄውም ባለቤቶቹ ራሳቸው የማያውቁትን የቤታቸውን ክፍል ከፈተ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሳይንቲስት ሳይሆን የመሐንዲስ ነው፣ ትምህርቱ ግን ለሳይንቲስት ይበልጥ ይሠራል። የመጀመሪያው ስታር ትሬክ መሐንዲስ ስኮቲ በ1992 ወደ አዲሱ ትውልድ ተከታታይ ሲገባ 75 ዓመት ሙሉ በማጓጓዣ መሣሪያ ውስጥ ተከማችቶ ቆይቶ ነው። ወጥቶ ሲያየው የሚያውቀው ሁሉ አርጅቷል። ሊረዳ ሲሞክር የመርከቡ መሐንዲስ ላ ፎርጅ ሥራ እያስፈታው እንደሆነ ይቆጥረዋል። ስኮቲ የሚጠቅምበት ሰዓት የሚመጣው የራሱ ዘመን መርከብ የግድ ሲያስፈልግ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ፍሪማን ዳይሰን በ1960 ባቀረበው ሐሳብ የተነሳ በስሙ በሚጠራው፣ ኮከብን በከበበ ግዙፍ ሉል ውስጥ ትልቁ መርከብ ሲዘጋበት፣ ሁለቱ መሐንዲሶች አሮጌዋን መርከብ በሩ መሀል ሰንቅረው ያስወጡታል።

ለልጆቹ ደጋግሜ የነገርኳቸው ይህንን ነው፤ ዕውቀት ድንበር ሲሻገር ሙሉውን አይሻገርም። ሳይንቲስቷ የምትሠራበት ዘዴ አብሯት ይሄዳል፣ ያገኘቻቸው ቁጥሮች ግን ኬላው ላይ ይቀራሉ። በእንግድነት ገብታ ሁሉን የምታውቅ ሳይንቲስት አንባቢን ታሰለቻለች።

"በሩቅ ዓለም ነው እንጂ እዚህ ለእዚህ እንዴት ይሆናል?" አለኝ ልጁ። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት አስታወስኩት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ሜትር ትጠጋለች። በመሀላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሐረር ላይ ወደ 94። ባቄላ የምትቀቅል እናት ልዩነቱን በከሰሏ ታውቀዋለች። አንዲት ሳይንቲስት "ውሃ በዚህ ሙቀት ይፈላል" ብላ ድሬ ላይ የመዘገበችው ቁጥር አንድ ሚኒባስ ጉዞ ርቀት ላይ ስህተት ይሆናል። እንግዲህ ጅብ ንግግር በሚሰማበት ከተማ ስንት ቁጥር ይወድቅባት ይሆን?

መንታ መፍጠር

ሦስተኛው መንገድ ሳይንቲስቷን ትቶ በትይዩ ዓለም የምትኖር አምሳያዋን መውሰድ ነው። በ2014 የጀመረው ዘ ፍላሽ የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ሃሪሰን ዌልስ በተባለው ሳይንቲስት ይህን ደጋግሞ አድርጎታል። ተዋናዩ ቶም ካቫና አንድ ሆኖ ዌልስ ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ዌልስ ፊት ሰርቆ የገባ ጠላት ሆኖ ይገኛል። በቀጣዩ ምዕራፍ ከሌላ ምድር የመጣውን ዌልስ ገና ምንም ሳያደርጋቸው በዚያው ፊት ምክንያት ለማመን ይቸገራሉ። ይህ ጅምሩ ግሩም ነው።

የመንታው ጥቅም ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ደራሲ ምንም አያጣም። ዕዳው ግን ቆይቶ ይመጣል። አንባቢ ለመጀመሪያዋ ያሳደገው ፍቅር ወደ ሁለተኛዋ በራሱ አይተላለፍም፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሞት መርከሱ ነው። አንዷ ብትሞት ሌላዋ እንደምትመጣ ያወቀ አንባቢ ስታለቅስበት አያለቅስም። መንታን የምመክረው የታሪኩ ጥያቄ ራሷ ሳይንቲስቷ ስትሆን ብቻ ነው፤ "ያን ቀን ድሬ ባልወርድ ኖሮ ምን እሆን ነበር?" የምትል ሙና ካለች።

ሁለቱን ዓለም አዋህዶ አንድ ማድረግም አለ። ሁለት ተከታታዮች በቂ ዕድሜ ካስቆጠሩ በኋላ የሚደረግ ነው፤ ጀማሪ አይንካው።

ከመምረጥ በፊት፣ ሰዓትና ዓመት

ካፒቴን ኔሞን እናንሳ፤ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ፈልስፎ ራሱ የሚመራው የዡል ቬርን ገፀ ባህሪ። በሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች ታሪኩ በ1866 ይጀምርና በ1868 ይቋጫል፤ ኔሞ ያኔ በሙሉ ጉልበቱ ነው። በኋላ በወጣው ምስጢራዊቷ ደሴት ውስጥ ደግሞ ጓዶቹ ሁሉ አልቀውበት፣ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ኖሮ፣ ሸምግሎ ይሞታል፤ ያም በዚያው በ1868 ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ቬርንን የሚያህል ደራሲ፣ ሁለቱንም ራሱ ጽፎ፣ ዓመት ካምታታው ሁለት የተለያዩ ልጆች እንዴት አያምታቱ?

የእኛዎቹ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለባቸው። ልጅቷ ታሪኳን በ2048 አስቀመጠች፣ ልጁ በ2040። ስምንት ዓመት ለማስታረቅ የጊዜ ማሽን ሊፈጥሩ ሁለት ገጽ ጽፈዋል። "በየትኛው አቆጣጠር?" ስላቸው እሷ በፈረንጆች፣ እሱ በእኛ። ያው አንድ ዓመት ነው! ሁለቱ ገጾች ተቀደዱ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የጀጎል በሮች በእሱ ታሪክ የሚዘጉት ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ የሙና መሣሪያ ግን በእሷ ደብተር 18፡00 ብሎ ነው የሚያነበው። ይህን ያልተስማማ ሁለት ደራሲ እንግዳዋን በር ከተዘጋ በኋላ ያደርሳታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ዓመቱን፣ ሰዓቱን፣ ወቅቱንም ጭምር ጻፉ።

ምን ያስወጣታል?

ብዙ ጊዜ ሁለት ደራሲዎች የሚከራከሩት ማን እንደሚወስዳት ነው። መጠየቅ ያለበት እሷ ምን ልትፈልግ እንደምትወጣ ነው። ይዛው የምትመለሰው መልስ ከሆነ ጉብኝት ይበቃታል። ዕድሜ ልክ የማያልቅ ጥያቄ ከሆነ ግን ትኑርበት። ደራሲዎቹ ስለፈለጉ ብቻ የምትጓዝ ከሆነ ደግሞ አንባቢ ከኋላዋ ገፍቷት የመጣውን እጅ ያየዋል።

ለሙና ምክንያት መፍጠር አላስፈለገም፤ ውሃው ራሱ ሰጥቷታል። የ1998 ዓ.ም.ን ክረምት የምናስታውስ እናስታውሰዋለን። ከ200 በላይ ሰው የበላው ያ የደቻቱ ጎርፍ የመጣው ከተማው ላይ ከዘነበው ዝናብ አልነበረም፣ ከላይ ከደጋው ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ወረደበት። የዚያኑ ሰሞን ደግሞ ለሐረር ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። (አሁን ውሃው ተመልሷል፤ በአጠገቡ ሳልፍ ሁልጊዜ በመስኮት አየዋለሁ።) ከዚያ በኋላ ለሐረር የሚጠጣ ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከአሰሊሶ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ሄደ። አስቡት፣ በአንድ ዳገት ላይ ገዳዩ ውሃ ይወርዳል፣ አዳኙ ውሃ ይወጣል። ደቻቱን የምታጠና ሴት አንድ ቀን ወደ ላይ ሳትወጣ ብትቀር ነው የሚገርመው።

መልሱ ደግሞ ተይዞ የሚመለስ ነው፤ ከደጋው የሚወርደው ውሃ ስንት እንደሆነ። ስለዚህ ጉብኝት ይሁን ተባባሉ፣ ሦስት ክፍል።

የውሰት ስምምነቱን እኔ ፊት ጻፉት። ሙና ጀጎል ውስጥ አትሞትም፣ አታገባም። የጀጎልን ሕግ የሚወስነው ልጁ ብቻ ነው፤ ለእሷ ሲባል መሣሪያ ማታ አይሠራም። የሙናን ንግግር ደግሞ ልጅቷ ሳታየው አይጸድቅም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዳነው እሱ ነው። ልጁ ሙናን "ይህንን ክስተት በጥልቀት ልመረምረው ይገባኛል" አሰኝቷት ነበር። ልጅቷ ደብተሩን ዘጋችው። "ሙና እንዲህ አታወራም! 'አቦ ቆይ እስቲ ልየው' ነው የምትለው።" ትክክል ናት። ገፀ ባህሪ ስትሻገር ቀድሞ የሚጠፋው ድምጿ ነው፤ መልክና ማዕረግ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

ሦስቱ ክፍሎች ባለፈው ወር አለቁ። ሙና በሸዋ በር ትገባለች። 12 ሰዓት ሲሆን በሮቹ ይዘጋሉ፣ መሣሪያዋ እጇ ላይ ይሞታል፣ የእጅ ሰዓቷም አብሮ። ዝናቡ ይመጣል። በጠባቡ መተላለፊያ ቁልቁል የሚወርደውን ውሃ የምትለካበት ምንም የላትም። ልጁ ምን ላድርግ ብሎ ሲደውልልኝ ያለ መሣሪያ የወንዝ ፍሰት እንዴት እንደሚለካ አስረዳሁት፤ እንጨት ቁራጭ ውሃው ላይ ትጥላለህ፣ የታወቀ ርቀት እስኪያልፍ ጊዜውን ትይዛለህ፣ ፍጥነቱን በውሃው ስፋትና ጥልቀት ታባዛለህ፤ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 አባዝተህ ዝቅ ታደርገዋለህ። "ሰዓት ሳይኖር ጊዜውን በምን ትይዛለች?" አለኝ። እሱን ራስህ ፈልገው አልኩት።

አገኘው። ሙና ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ አድርጋ በልቧ ምት ትቆጥራለች። መጀመሪያ ግን ትሳሳታለች፤ ግንቡ ሥር አንድ ጅብ ቆሞ ያያታል፣ ልቧ ይፈጥናል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። ጅቡ እስኪለምዳት፣ እሷም እስክትለምደው ድረስ ሌሊቱን ሙሉ እንጨት ትጥላለች።

ልጅቷ ሦስተኛውን ክፍል ያነበበችው ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሚኒባስ ስትጠብቅ ነው። ምንም አላለችም። በሳምንቱ የራሷን አዲስ ክፍል ይዛልኝ መጣች። ሙና ድሬ ተመልሳለች፣ መሣሪያው ይሠራል፣ ደቻቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሞላል ይላል። ሙና ደወሉን ከመንካቷ በፊት ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ ታደርጋለች።